ሽንኩርት የመሰለኝ ሽታ

ጥር 20፣ ማክሰኞ

አቧራ፣ አቧራ፣ አሁንም አቧራ። ከአጋሮም ከየቡም በኩል የሚመጡት መኪኖች ግቢያችን ሲገቡ ቀለማቸው አይለይም። ሹፌሩ ገና ሳይወርድ «ኤሲው አይቀዘቅዝም» ይላል። ክረምቱን ሙሉ ኤሲ እንዳላቸው የረሱ ሰዎች ጥር ሲጋመስ ሁሉም በአንድ ቀን ትዝ ይላቸዋል።

ባማርርም ደስ ይለኛል። በዚህ ጋራዥ ውስጥ «የኔ» የምለው ነገር ቢኖር የኤሲ ማሽኗ ናት። አሮጌውን ጋዝ ከመኪናው ትመጥጣለች፣ ታጣራለች፣ ሆዷ በምንለው ሲሊንደር ውስጥ ታጠራቅማለች፣ ከዚያ በሚዛን ለክታ መልሳ ትሞላለች። አማቴ እማማ ዘይቡ «ያቺ ፍሪጅሽ» ይሏታል። ባሌ ፋሂም ደግሞ እኔን «የማሽኗ እናት» እያለ በሠራተኛው ፊት ያሾፍብኛል።

ያሹፍ። እኔ ያለ ጓንትና መነጽር ቱቦ አልነካም። ክፍሉ ተከፍቶ ነፋስ ካልገባው አልጀምርም። ሲጋራም ብየዳም አጠገቤ አይደርስም። ከሁሉም በፊት ደግሞ መለያው አለ፤ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፣ መኪናው ውስጥ ያለውን ጋዝ አሽትቶ ምን እንደሆነ ይናገራል። አንድ መኪና ባዕድ ጋዝ ይዞ መጥቶ ማሽኗ ከመጠጠችው ሆዷ ተበላሸ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ የምታድለው ያንኑ ነው።

ችግሩ የመለያው ማጣሪያ ቀይ ሆኗል። ቀይ ከሆነ ቃሉ አይታመንም። ሌላ ከአዲስ አበባ እንዲያስመጣ ለፋሂም ነግሬዋለሁ። «እሺ» ብሏል። እሺ ማለትማ ማን ይችለዋል።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። ጋዙ ሊያልቅ ነው፣ አዲስ አበባም ጠፍቷል። ዛሬ ለአባባ (የፋሂም አባት አብዱልሰመድ ናቸው፣ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው) ለደንበኞች «የለም» እንበል አልኳቸው። ክፉ ነገር እንደተናገርኩ ሁሉ አዩኝ። «ልጄ፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ከዚህ በር የለም ተብሎ የተመለሰ ሰው የለም» አሉኝ። ደግሞም ልጃቸው አሚራ የካቲት 16 ወደ አጋሮ ትዳራለች። የአጃቢ መኪኖቹን ሁሉ በረዶ እናደርጋቸዋለን ብለው በሽማግሌዎች ፊት ቃል ገብተዋል።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ከእማማ ዘይቡና ከአሚራ ጋር አጋሮ ውለን መጣን። የሙሽራው ቤተሰብ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እናትየዋ ብቻ ዓይናቸው ጓዳ ድረስ ይገባል።

ስመለስ ፋሂም በር ላይ እየሳቀ ጠበቀኝ። ጋዝ አግኝቷል! እኔ በሌለሁበት ማሽኗንም ራሱ ሞልቷታል። ሚዛኑን አየሁት፣ ሙሉ ነው። በሰው ፊት አቀፍኩት፣ እስካሁን ያፍራል። ሲሊንደሩ የታለ አልኩት፤ መለስኩት አለ። ከማን ነው ስለው ሰው አለኝ አለ። ማጣሪያውስ ስለው ፊቱ ትንሽ ተለወጠ።

«ጋዙን ያመጣሁት እኔ። ማንን ነው በመለያ የምትለዪው፣ እኔን?»

ሳቅኩ። ጠረጴዛው ላይ በቶርኖ የተሠራ አዲስ የነሐስ ማገናኛ ነበር፣ እያብረቀረቀ። ለሌላ ሥራ ነው አለኝ።

ማታ ቤቱ በጠብ ተናወጠ። እማማ ዘይቡ በቀደም የተሞላው የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ባዶ ሆኖ አግኝተውት ምድጃውን ማን ሳያጠፋ ተወው ብለው ሴቶቹን ሁሉ አስለቀሱ። እኔንም ገላመጡኝ። ሰርጉ እስኪያልቅ በከሰል ነው። ፋሂም አንድ ቃል ሳይናገር ራቱን በላ፤ ከሴቶች ጠብ መሸሽ ያውቅበታል።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ሥራ በሥራ ላይ። ምሳ የለም።

ጎሳዬ መጣ። የቡና ነጋዴ ደብል ጋቢና የሚነዳው ነው፤ ከየቡና ከአጋሮ ዙሪያ የቡና ናሙና ይሰበስባል። ሲጋራውን እንደያዘ ሊገባ ሲል ከበር አባረርኩት። «ከሚስቴ ሸሽቼ አንቺ ጋ ብመጣ አንቺም ያው ነሽ» አለኝ። ሲሞላለት ግን ቅዝቃዜው ሌላ ነበር። እንዲህ ሲቀዘቅዝ አይቼ አላውቅም። «ሳቢሃ፣ የደጋ ሰው አደረግሽኝ» ብሎ መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።

የግፊት መለኪያው፣ የጌጁ መርፌ የተለመደ ቦታው ላይ አልቆመም። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቱቦውን ስፈታ የበሰበሰ ሽንኩርት ሸተተኝ። ለሰርጉ በማዳበሪያ የመጣው ሽንኩርት በሙሉ ማሽን ክፍሉ ጥግ ነው የተከመረው! ሴቶቹን ይህን ሽንኩርት አንሡልኝ፣ ማሽኔን አገማችሁት ብዬ ተቆጣኋቸው። ሳቁብኝ።

በመጨረሻ ነጭ ሚኒባስ፣ ወደ ቦንጋ የሚያልፉ ቤተሰቦች። ሴትየዋ ሕፃን ታቅፋለች፣ ልጁ በሙቀት ሰውነቱ ሁሉ ሽፍ ብሏል። ሲቀዘቅዝ እዚያው እቅፏ ውስጥ ተኛ። እጄን ይዛ መረቀችኝ። ተለጣፊዬን የፊት መስተዋታቸው ላይ በቀኝ በኩል ለጠፍኩ እንጂ፣ ቸኩለው ስለነበር እንደ ሌላው ደንበኛ ስልክ እንኳ አልተቀበልኳቸውም።

የካቲት 2፣ እሑድ

እህቴ ሀዋ ከአጋሮ ደወለች። ሀዋ ቡና ቀማሽ ናት፤ አንድ ማንኪያ ቡና አፏ ውስጥ አንከባላ የትኛው ቀበሌ እንደበቀለ የምትነግርህ ዓይነት። የየቡው ገበሬ የአባቦራ ቡና ሽታ ይዞ መጣ አለችኝ። ጋዝ ጋዝ ይላል፤ ውድቅ አድርጋዋለች። ሽማግሌው ከላምባ በርሜል አጠገብ አስጥተዋል ተብለው ስማቸው ተነሥቷል። እሳቸው ደግሞ ቤቴ ውስጥ ላምባ ከጠፋ ዘመን የለውም ብለው ይምላሉ።

«ሽታው ምን ዓይነት ነው?» አልኳት፣ እንዲያው።

«ሜ፣ እስቲ ተይኝ፣ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ነው። ስንት ዘመን ቀምሼ እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም።»

ናሙናውን ማን እንዳመጣው አልጠየቅኳትም። ለምን እጠይቃለሁ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

የሰርጉን መኪኖች ሞላሁ። የሙሽሪትን፣ የአባባንና የሚዜዎቹን። አባባ ሙሽሪት የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ነፋሱን በፊታቸው ተቀበሉና አልሐምዱሊላህ አሉ። እንደ ልጅ ነው ደስ ያላቸው።

ሽንኩርቱ ተነሥቷል። ሽታው አልተነሣም። ጭንቅላቴን አሞኛል፣ ከእንቅልፍ ማጣት ይሆናል።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ሀዋ እንደገና። አባቦራ ተናደው ናሙናቸውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ በባጃጅ ተንገላትተው አጋሮ ድረስ ራሳቸው አምጥተዋል። ያው ቡና፣ ከዚያው ማስጫ አልጋ ላይ የተነሣ። ንጹሕ ነው አለችኝ፣ ምንም ሽታ የለውም።

«መኪናው ነው እንዴ?» አለችኝ ሀዋ።

ስልኩ ተቋረጠብኝ አልኳት በኋላ። አልተቋረጠም ነበር።

የካቲት 7፣ ዓርብ

መለያ ባይኖርም ማወቂያ አለ። የኤሲ ሥራ ስማር አስተማሪያችን አስተምረውን ነበር። ማሽኗ አድራ በቀዘቀዘችበት ጠዋት የክፍሉን ሙቀት ትለካለህ፣ የሆዷን ግፊት ታነባለህ፣ ክዳኗ ላይ ከተለጠፈው ሰንጠረዥ ጋር ታመሳክራለህ። ንጹሕ ጋዝ ከሆነ ይገጥማል። ድብልቅ ከሆነ አይገጥምም።

ትናንት ጠዋት አልገጠመም። መርፌው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ጌጅ ተዋስኩ። ዛሬም አልገጠመም።

ማገናኛውን መሣቢያ ውስጥ አገኘሁት። ወደ ጓዳ ወስጄ የእማማ ዘይቡ ባዶ ሲሊንደር ላይ ገጠምኩት። ጥርሱ ያለ ምንም ትግል ገባ። ከሌላ ሲሊንደር ጋርም ሊገጥም ይችላል። የማብሰያ ሲሊንደር ሁሉ አፉ አንድ ነው፣ ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ሸጦለት ይሆናል። ፋሂም ተታልሎ ይሆናል። ሰው ይታለላል።

ደንበኞቹን ማሽኗ ታማለች ብዬ መለስኳቸው። አባባ ነገ ትድናለች እያሉ ሻይ አጠጥተው ሸኟቸው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ጠየቅኩት። ሰው ሁሉ ድንኳን ሊያይ ሲወጣ ማሽን ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግቼ ጠየቅኩት፤ ከዚያ በዚያ ክፍል በር መዝጋት እንደማይገባኝ ትዝ ብሎኝ መልሼ ከፈትኩት። እንዲህ ያለ ጠብ አይቼ አላውቅም፣ እየተጣላን በር የሚከፈትበት፣ በሹክሹክታ።

አልካደም። የሚክድ መስሎኝ ነበር፤ ቢክድ እንዴት ደስ ባለኝ። የእናቱን ሲሊንደር ነው የገለበጠው። በየከተማው እንደዚህ ይሞላሉ፣ ማን ሞተ አለኝ። አንዲት ቀዳዳ ብትኖር ጋዙ ጋቢና ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንድ ክብሪት ይበቃዋል አልኩት። ይህንን አንተም ታውቃለህ አልኩት። ጋዙን መልሰን እንዳንመጥጥ ደግሞ ማሽኗ ለሚቀጣጠል ነገር አልተሠራችም፣ ውስጧ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አለ። እስካሁን እኔን ያልበላችኝ በአላህ ነው።

«አባቴ በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቷል። ጋዝ የለም። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«የለም እላለሁ።»

«አንቺማ ትያለሽ። የዚህ ቤት ልጅ አይደለሽም።»

እዚህ ላይ መጻፍ አቁሜ ነበር። ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

እስከ ሰርጉ እንቆይ አለኝ። ከሰርጉ በኋላ ከአዲስ አበባ ባለሙያ አምጥቶ ሁሉንም ያስወጣል፣ ለአባቱም ራሱ ይነግራል። አሁን ከተሰማ አባባ ሰው ፊት አይወጡም፣ የአሚራም ነገር ይበላሻል። «በአላህ ይዤሻለሁ» አለኝ። እንዲህ ከተያዝኩ ወዲያ ምን አፍ አለኝ? እሺ አልኩት። እኔም እሺ ማለት ተማርኩ።

የምኖረው በዚህ ግቢ ነው፣ የምሠራውም በዚህ ግቢ፣ በሩም አንድ ነው። ቁርስ ላይ አባባ ከሳህናቸው ሥጋ አንሥተው ያጎርሱኛል። እጎርሳለሁ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ጎሳዬ ጋ ደወልኩ። የሱ መኪና እንደሚያፈስ ከቡናው አውቄያለሁ። የፋሂም መሐላ ባለበት ምን ብዬ ልጀምር? አንተ፣ መኪና ውስጥ አታጭስ አልኩት።

«ኤሲውን የሞላሽው አንቺ፣ ሳንባዬንም ልትፈትሺ ነው?»

«ቁም ነገሬን ነው። ኤሲውንም አጥፋውና አምጣው፣ ልየው።»

«ምን ታይዋለሽ፣ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። በዚህ ሙቀት አጥፋ ትይኛለሽ? ናሙናዎቹን ላድርስና ከሰርጋችሁ በኋላ እመጣለሁ።»

ለምን እንደሆነ ብነግረው ይመጣ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፋሂም በሩ ላይ ቆሞ ይሰማኛል። እስቲ እባክህ እሺ በለኝ ብዬ ለመንኩት፤ እየሳቀ እሺ እሺ ብሎ ዘጋው።

ሥራዬን ሠርቻለሁ ብዬ ልተኛ። ነግሬዋለሁ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሂና ተደረገልኝ። ሴቶቹ እያጨበጨቡ፣ ከበሮው ግድግዳ እያናወጠ፣ እኔ የማስበው ስለ ፊውዝ ነው። የኤሲው ፊውዝ ከተነቀለ ኮምፕሬሰሩ አይነሣም፣ ቱቦዎቹ ላይ ጫና አይበዛም። ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ ጋዙ እዚያው ነው። ግን ከምንም ይሻላል።

ሂናው ሳይደርቅ እጅ ልታጠብ ብዬ ወጣሁና ከሦስቱም መኪና ነቀልኳቸው። ፊውዞቹ ጡት መያዣዬ ውስጥ ናቸው፣ ይወጉኛል።

አሚራ ስትስመኝ ምን ሆነሽ ነው የምትንቀጠቀጪው አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት፣ በየካቲት።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ትናንት ተዳረች።

ከከተማ ሳንወጣ ሚዜዎቹ ኤሲ አልሠራ አለ ብለው አቆሙ። የሙሽሪት መኪናም፣ የአባባም። ፋሂም ወርዶ የፊውዙን ክዳን ከፈተ። እኔ ከኋላ መኪና ሆኜ አየዋለሁ። ክዳኑ ላይ የጣቴ አሻራ በሂና ታትሟል፣ ቁልጭ ብሎ። ቀና ብሎ ወደኔ አየ። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ አሻራውን ጠረገና ክዳኑን ዘግቶ «ተቃጥሏል» አለ። መለዋወጫ ፊውዝ ግን ኪሱ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ይዞ ነው የሚሄደው።

በዚያች ደቂቃ ባሌን እንዴት እንደወደድኩት መጻፍ ያሳፍረኛል። እንዴት እንደጠላሁትም።

መስኮት ተከፍቶ ሄድን። የአጋሮ አቧራ የአሚራን ነጭ ቀሚስ ቡናማ አደረገው፣ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወረደ። ስንደርስ የሙሽራው እናት ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «የኤሲ ጋራዥ ልጅ እንዲህ ሆና ትምጣ?» አሉ። ሰው ሳቀ። አባባም ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ከዚያ በኋላ ቀና ብለው ሲበሉ አላየኋቸውም። የተጎዳ ሰው የለም፤ ሁሉም በሰላም ገብቷል። ይኸው ነው የምፈልገው የነበረው።

ዛሬ ፋሂምን ሰርጉ አለቀ አልኩት። እንግዳ ይሸኝ አለኝ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጎሳዬ ተቃጠለ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

የቡ ላይ ነው። አባቦራ ደጅ መኪናውን አቁሞ ናሙናው እስኪመዘን ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ አረፈ። መስኮቱ ዝግ፣ ኤሲው ክፍት። ሲጋራ ለኮሰ። ጋቢናው ውስጥ እሳቱ አንዴ ቦግ አለ ይላሉ ያዩት፣ መስተዋቱን ፈነቀለው። አባቦራ ጋቢያቸውን ጥለውበት ጎትተው አወጡት። ቡናቸው ውድቅ የተደረገባቸው በዚሁ መኪና ነበር።

በከተማው የሚወራው ከኋላ የቤንዚን ጀሪካን ነበረው ነው። ሲጋራው ነው፣ ራሱ ነው ይላሉ። ጋራዥ የመጣ ሁሉ ይህንኑ ይነግረናል፣ እኛም እንሰማለን። ፋሂም ለዙሁር ሶላት እንደገባ እስከ አስር ሶላት ከመስጊድ አልወጣም።

ሀዋ ደወለች። ምንም አልጠየቀችኝም። ትንፋሿን ብቻ ሰማሁ፣ ከዚያ ዘጋችው።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

አባባ ጎሳዬን እንጠይቅ ብለው እኔንና ፋሂምን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ማርና ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል።

ሁለቱም እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። ቅንድብ የለውም። ፊቱ ላይ ቅባት ተቀብቷል። ሲያየኝ ሊያሾፍ ሞከረ፣ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። ከዚያ ወደ አባባ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ በስልክ ለምናኝ ነበር። መኪና ውስጥ አታጭስ ብላኝ ነበር። እልኸኛ ሆኜ እኔው ነኝ ራሴን ያቃጠልኩት።»

አባባ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ኢንተላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ በኦሮምኛ የሚጠሩኝ ልባቸው ሲነካ ብቻ ነው። ፋሂም ወለሉን ያያል። ያ እጅ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ዝም ብል ሁሉም በቃ፣ እዚሁ ያልቃል፤ ማንም አይጠይቀኝም፤ እንደውም ተመስግኜ ነው የምወጣው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኛል።

«አልነገርኩህም» አልኩት። «አታጭስ አልኩህ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኩህም። መኪናህ ውስጥ የነበረው የማብሰያ ጋዝ ነው። የሞላሁልህ እኔ ነኝ። ስሞላው አላወቅኩም ነበር፣ ስደውልልህ ግን አውቄያለሁ።»

የአባባ እጅ ከትከሻዬ ላይ ተነሣ።

ማሽኗ ውስጥ ማን አገባው አሉ። በአላህ ይዞኛል፣ የሱን ስም ከኔ አፍ አያገኙትም ነበር። ግን ፋሂም ራሱ «እኔ ነኝ አባባ» አለ፣ ድምፁ አልወጣም፣ ደግሞ አለው። አባባ የአልጋውን ብረት ያዙ። የሚወድቁ መስሎኝ ልደግፋቸው ስል በክርናቸው መለሱኝ።

ጎሳዬ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይስደበኝ ብዬ ተመኘሁ። እሱ ግን ጣራውን እያየ፣

«ሌሎቹ መኪኖችስ?» አለ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ።

ከሆስፒታል ከወጣን ጀምሮ አባባ አላናገሩኝም። ግን በዚያው ቀን የማሽን ክፍሉን መብራት ከቆጣሪው አስቋረጡ። የማሽኗ ሆድ ቫልቩ ተዘግቶ ከቤትና ከእሳት ርቆ ሜዳ ላይ፣ በአጥር ተከልሏል። ፋሂም ስልካቸውን የያዝኩትን ሁሉ ቤታቸው ድረስ እየሄደ ራሱ ይነግራቸዋል። አንዱ በጥፊ መታው፤ ጉንጩን አይቼ ነው ያወቅኩት። መኪኖቹ ፊውዛቸው ወጥቶ፣ መስኮታቸው ተከፍቶ ገላጣ ቦታ ቆመዋል፤ ለሚቀጣጠል ጋዝ የተሠራ ዕቃ ያለው ባለሙያ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው። ፖሊስም ቃላችንን ተቀብሏል፣ ገና ይጠራናል። የአባቦራን ቡና ሀዋ አሳልፋላቸዋለች።

ፋሂም ባዶው ማሽን ክፍል ውስጥ ይተኛል። ሌባ እንዳይገባ ነው ይላል። የሚሰረቅ ነገር የለም።

ዛሬ ከአስር በኋላ አንድ ሰው መኪና ይዞ መጣ። አባባ በር ላይ ነበሩ። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ሰማኋቸው።

«የለም» አሉት።

ሰውየው አላመነም። መቼ ይመጣል አለ። አላውቅም፣ የለም አሉት እንደገና። ከዚያ ለብዙ ጊዜ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ሰሃኑን አስቀምጬ አለቀስኩ።

ነጩ ሚኒባስ አልተገኘም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ሁሉም ተገኙ፣ ከሱ በቀር። ቦንጋ ያሉ ጋራዦች ጋ ተደወለ፣ መናኸሪያ ተጠየቀ፣ የትራፊክ ፖሊሶች ተነገራቸው። ታርጋውን አላስታውስም። የማስታውሰው የልጁን ሽፍታ ነው፣ ደግሞ ሲተኛ አፉ ትንሽ መከፈቱን። ባልየው ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። ኪሱን፣ ጣቶቹን፣ ሁሉን አሰብኩ። አላየሁትም፣ ያየሁት ልጁን ብቻ ነው።

ያቺ ሴት የመረቀችኝን ምርቃት መልሼ ልሰጣት በቻልኩ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ከዙሁር በኋላ የቦንጋ መውጫ መንገድ ላይ እቆማለሁ። ከሄዱ መመለሳቸው አይቀርም ብዬ ነው። መስኮቱ የተዘጋ ነጭ ሚኒባስ ሲመጣ እጄን አነሣለሁ። አንዳንዱ ተሳፋሪ መስዬው ያቆማል፣ አንዳንዱ ይሰድበኛል። ኤሲህን የት አስሞላህ እላለሁ። ያበደች ይመስላቸዋል።

ዛሬ ጀርባዬ ላይ ጥላ ወደቀብኝ። አባባ ናቸው፣ ጃንጥላ ይዘው። ከሆስፒታሉ ቀን ጀምሮ አጠገቤ ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው።

«የፊት መስተዋቱ ላይ ምን ነበረው?» አሉኝ።

«የኔ ተለጣፊ። በቀኝ በኩል።»

ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጥተው በሚመጣው ሚኒባስ ፊት ክንዳቸውን ዘረጉ። የእሳቸውን ሽምግልና አይቶ የማያቆም የለም። እሳቸው ያስቆማሉ፣ እኔ መስተዋቱን አያለሁ፣ ይቅርታ ብለን እናሳልፋለን። ጉሮሮአችን ደርቆ፣ አቧራው ጥርሳችን ላይ እየተንኮሻኮሸ፣ ስንቱን እንዳስቆምን እንጃ።

መግሪብ ሲባል ለማፍጠሪያ ከኪሳቸው ቴምር አወጡ። ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝና ቁጭ ብለን መንገዱን እያየን በላን። ከዚያ መብራቱን ያበራ ሌላ ነጭ ሚኒባስ ከጠመዝማዛው ብቅ አለ። አባባ ፍሬውን ተፍተው ተነሡ። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ሮጬ በቀኝ በኩል መስተዋቱን በእጄ ጠረግኩት።

እነሱ አይደሉም።